አባ ዳኘው፣ መኪናውና መካኒኩ

ከዓመታት በፊት በአንድ የነሐሴ ቀን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በመጓዝ ላይ ሳለሁ መኪናዬ ፈላች። የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ነክቶ ቆመ፤ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተንቦለቦለ። የሚያናድደው ነገር ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት አንድ ጋራዥ ውስጥ ቴስታታው ወርዶ ጓርኒሲዮኑ ተቀይሯል ተብዬ ጠቀም ያለ ገንዘብ መክፈሌ ነበር። የወለቀውን ዕቃ አሳዩኝ አላልኩም፤ እነሱም አላሳዩኝም። በንዴት ራሴው ልጠግነው ብዬ ፒንሳና ጨርቅ ይዤ ወረድኩና የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ ለመክፈት ስታገል እጄን ከመቃጠል የተረፍኩት ለጥቂት ነው።

ውሃ እየጨመርን፣ እየቆምን፣ እያዘገምን ዳንግላ ደረስን። እዚያ ያገኘሁት ወጣት መካኒክ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀና ወደ ኮፈኑ ጠርቶ አንዲት የላላች የቱቦ ማሰሪያ በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ ጠበቅ አድርጎ አሰራት። ሥራው ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። የተቀረውን መንገድ ያሰላሰልኩት ግን ስለ ማሰሪያዋ አልነበረም። ሰው ባለሙያን ማመን ያለበት እስከ ምን ድረስ ነው? በገዛ እጁስ መሥራት ያለበት እስከ ምን ድረስ? እያልኩ ነበር። ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ የኖሩት፣ የአገራችንን የመጀመሪያ መኪና ያስገቡት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ምኒልክ የተወለዱት በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ነው። የልጅነት ስማቸው ሣህለ ማርያም ይባላል። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሞቱበት በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን አስገብረው ብላቴናውን ምርኮኛ አድርገው ወሰዷቸው። ዐሥር ዓመት ያህል በቴዎድሮስ ዓይን ሥር አደጉ። ይህ ዘመን ለወጣቱ እስር ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትም ሆኗቸዋል ማለት ይቻላል። ቴዎድሮስ የአውሮፓን ጥበብ በእጃቸው ለማስገባት የነበራቸውን ጥማት አይተዋል። አውሮፓውያኑን የእጅ ባለሙያዎች ጋፋት ላይ ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ ሲሉ፣ መንገድ ሲጠረግም ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሱ የነበሩ ንጉሥ ናቸው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቴዎድሮስ መድፋቸውን ይዘው እዚያው መቅደላ ላይ ወደቁ። ባለሙያን አስገድዶ ማሠራት የት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ምኒልክ የመረጡት ሌላ መንገድ ነው፤ ባለሙያን በክብር መጥራት፣ በደመወዝ ማሠራት፣ በዓይን መከታተል። በ1871 ዓ.ም. ከስዊዘርላንድ የመጣው ወጣት መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የዚህ መንገድ ዋና ምልክት ነው። እንደሚነገረው ንጉሡ መሐንዲሱን መጀመሪያ የፈተኑት ጫማ እንዲሰፋ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ በማዘዝ ነው። ፈተናው የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን ብልኅነት ነበረበት፤ ስለ ድልድይና ስለ ባቡር የሚያወራውን ሰው ማመን ከመጀመራቸው በፊት እሳቸው ራሳቸው መመዘን በሚችሉት ሥራ መዘኑት። ጫማ ጥሩ ይሁን መጥፎ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ኢልግ ፈተናውን አለፈ፤ ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ ከማስገባት ጀምሮ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ አማካሪነት ድረስ አገለገለ።

ንጉሡ በገዛ እጃቸውም መነካካት ይወዱ ነበር። ቤተ መንግሥታቸውን የጎበኙ የውጭ ሰዎች በጻፉት መሠረት አዲስ ጠመንጃ ወይም መትረየስ ሲመጣላቸው ፈታተው መልሰው ይገጥሙ ነበር። ስልክ፣ የገንዘብ ማተሚያ፣ ምን የማያዩትና የማይጠይቁት ማሽን ነበር? በእርግጥ ይህን እውቀት በፍቅር ብቻ መተረክ አይገባም። አሠራሩን ያወቁት መሣሪያ አድዋ ላይ አገር እንዳዳነ ሁሉ፣ በደቡብና በምዕራብ በተደረጉ ዘመቻዎች ጠባሳው ዛሬም ያልሻረ ቁስል አቁስሏል። የማሽን እውቀት ማሽኑ ለምን ዓላማ እንደሚውል አይነግርም።

ምኒልክ በማሽን ረገድ ጠንቃቃ የነበሩትን ያህል፣ ፈታተው ሊገጥሙት በማይችሉት ነገር ግን ተጎድተዋል። ይህም ወረቀት ነው። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነበር። በዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም እንደሚችሉ ሲናገር፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። አገር በአንድ ግስ ልዩነት ጥገኛ ልትሆን ነበር! ንጉሡ ነገሩን የተረዱት በ1882 ዓ.ም. ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ሲያሳውቁ፣ በኢጣሊያ በኩል እንጂ በቀጥታ ልትጻጻፉ አይገባም የሚል መንፈስ ያለው ምላሽ ሲደርሳቸው ነው። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተዋጉ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ስምምነት ውጫሌ ተሰረዘ። እኔ በሕግ ትምህርት ቤት ስለ ውል ስህተትና ማታለል ስማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አንድ የላላች ማሰሪያ ሞተር ታፈላለች፤ አንድ የተለወጠ ግስ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት አስከፍሏል።

የባቡሩም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በ1886 ዓ.ም. የተሰጠው ፈቃድ ኢልግንና ፈረንሳዊውን ሼፍኔን የተማመነ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ይሁንና ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተዋዋለው ውል መስመሩን በፈረንሳይ ቁጥጥር ሥር የሚያስገባ ሆኖ ተገኘ። ጋራዥ ያስገቡት መኪና ሳይጠየቁ በመያዣነት ተሰጠ እንደ ማለት ነው። ምኒልክ ተቆጡ፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ለቀጣዩ መስመር በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ የተሰጠው ሐኪማቸው ለነበሩት ለዶክተር ቪታሊየን ነው። ንጉሡ በኩባንያ ሲከዱ ወደሚያውቁት ሰው ተመለሱ ማለት ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ዘመኑ 1909 ዓ.ም. ነበር፤ ምኒልክ አላዩትም።

ያው 1900 ዓ.ም. ሌላም ነገር ይዞ መጣ። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት አገር ወራት የፈጀ ጉዞ አድርጎ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ አደረሰ። እስቲ አስቡት። በዚያ ሁሉ በረሃና ተራራ አንድ ጋራዥ፣ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ የለም። የአገራችን የመጀመሪያው ሾፌር የግድ የራሱ መካኒክ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በመኪናዋ ተሳፈሩ፤ አሠራሯንም መረመሩ። ከዚያ በፊት አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎ የጠራው የመንገድ መዳመጫ ማሽን ከተማውን አስገርሞ ነበር።

በዚያው 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ። ለእኔ ግን የዓመቱ ትልቁ ሥራ ብዙ የማይወራለት አንድ አዋጅ ነው። ምኒልክ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። የአዋጁ መንፈስ ግልጽ ነው፤ የእጅ ሥራ የሚናቅበት አገር ሥራ አዋቂ አይወጣለትም፤ ሥራ አዋቂ የሌለው አገር ደግሞ ባዶ ይሆናል። መኪና በገባበት ዓመት መኪናውን ሊጠግን የሚችለው ሰው ክብር በአዋጅ መታወጁ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው።

የንጉሡ ጉድለትም እዚሁ ላይ ይታያል። አዋጁም፣ በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የተከፈተው ትምህርት ቤትም የመጡት ዘግይተው ነው። ለሠላሳ ዓመት ማሽኖቹ በስዊሱ፣ በፈረንሳዩ፣ በአርመኑና በሕንዱ እጅ ሲሠሩ ከሥር የሚተካ ኢትዮጵያዊ በበቂ ሁኔታ አልሠለጠነም። ንጉሡ ራሳቸው ማሽኑን ይፈቱ ይገጥሙ ነበር፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ጉጉት ለአገር ጋራዥ አይሆንም። ውጤቱን ዛሬም በየጋራዡ እንሰማዋለን። ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ እያልን የምንጠራው ሁሉ አድዋ ላይ ያሸነፍናቸው ሰዎች ቋንቋ ነው። ጦርነቱን አሸንፈን የመፍቻውን ስም ግን ተውሰናል።

በመጨረሻ ሊጠገን የማይችለው የገዛ አካላቸው ሆነ። ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመሙ ደጋገማቸው፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የደረሰባቸው ከባድ ምት ከሥራ አወጣቸው። ፈረንሳያዊው ሐኪም ነበር፤ ጀርመናዊውም መጣ። በ1902 ዓ.ም. ጀርመኖቹ ንጉሡ መርዝ እየተሰጣቸው ነው የሚል ክስ አንስተው ቤተ መንግሥቱን በጠበጡት፤ ሐኪሙም ከሥራው ተነሳ። ማን ይታመን? በሽተኛው ራሳቸው እንዳይጠይቁ አንደበታቸው ተይዟል። ዕድሜ ልካቸውን አሳዩኝ ሲሉ የኖሩ ሰው በሌሎች እጅ ብቻ ቀሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ሞታቸውም ለጊዜው ተደበቀ።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ የአድዋን ፈረሶች ጭምር ያስባሉ። ፈረሰኛው ፈረሱን ያውቀዋል፤ ሰኮናውን ያያል፣ ሲያነክስ ከማንም በፊት ይነቃል። ሆኖም ጠና ያለ ሕመም ሲገጥመው ወደሚያውቅ ሰው ይወስደዋል። ምኒልክም የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነበር፤ የዳኘ፣ የፈረደ ማለት ነው። ዳኛ ሁሉንም ሙያ አያውቅም። ሐኪሙን፣ መሐንዲሱን፣ መካኒኩን ይሰማል፤ ማስረጃውን አሳዩኝ ይላል፤ ከዚያ ይፈርዳል።

የዳንግላው ወጣት ወደ ኮፈኑ ጠርቶ ማሰሪያዋን ሲያሳየኝ ያደረገልኝ ይህንኑ ነው፤ ዳኛ አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ቴስታታ ለማውረድ አልሞከርኩም፤ የሚወርድበትን ምክንያትና የወለቀውን ዕቃ ሳላይ ግን ገንዘብ አልከፈልኩም። ያሳየኝን ሰው ደግሞ አመስግኜ፣ አንቱ ብዬ እሸኘዋለሁ። የአባ ዳኘው አዋጅ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እጁ በግራሶ የተለወሰን ባለሙያ ማክበር ግን ገና አልተማርንም።