የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሕይወት ታሪክ

ከትምህርት ቤታችን ግቢ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ተራራ ከፊቱ ተገትሮ ይታየዋል። በዚሁ ተራራ ግርጌ፣ በየካ በኩል፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይገኛል፤ ከዚያም አለፍ ብሎ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተሰጠው ሰፊ ቦታ አለ። ዘመናዊ ሕክምና ወደ አገራችን በገባበት ዘመን ሐኪሞቹ ሁሉ የውጭ አገር ሰዎች ይመስሉ ነበር፤ ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እርሳቸውም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለደ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱ ገና ነፍስ ያላወቀ ሕፃን ነበር። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ስለ ተገኘ ኮሎኔል ቼምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። ይህ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ስለዚህ ልጁ ቻርልስ ማርቲን እየተባለ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ። በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ፤ ኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ትምህርቱን አሻሻለ፤ ከዚያም በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነ።

የዐድዋ ድል ወሬ በዓለም በተሰማ ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ አገራቸውን ለማየት ቈረጡ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ጉዞ ጀምረው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ነገር ግን አማርኛ ፈጽሞ ጠፍቶባቸው ስለ ነበር ከወገኖቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ወሬው ሲሰማ ዘመዶቻቸው መጡ፤ አያታቸውም በሕፃንነት በገላቸው ላይ በቀረ ጠባሳ ለይተው እንዳወቋቸው ይነገራል። ሐኪሙም በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው ሕዝቡን ያክሙ ጀመር።

ወደ በርማ ተመልሰው ከቈዩ በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ዳግመኛ መጡ፤ በዚያን ጊዜ ታመው የነበሩትን አፄ ምኒልክንም አክመዋል። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በመጨረሻም በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ።

ሐኪም ወርቅነህ የሕዝቡ በሽታ በመድኃኒት ብቻ እንደማይድን ያወቁ ሰው ነበሩ። ንጽሕናና ዕውቀት ከሌለ ዛሬ የዳነው ነገ ተመልሶ ይታመማልና። ስለዚህ የፍል ውሃን መታጠቢያ አሻሻሉ። በ1917 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ኀላፊ ሆነው ሠሩ። ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1920 ዓ.ም. የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ፤ በጎልማሳነታቸው እንደ ገና በተማሩት ቋንቋ መሆኑ ያስደንቃል። ከዚህም በኋላ የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው መንገድ አሠሩ፤ አስተዳደሩንም አሻሻሉ።

ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በዚያ ሆነው ስለ አገራቸው ሲሟገቱ መራራ ኀዘን ደረሰባቸው። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጠላት ገደላቸው። በልጅነቱ ወላጆቹን በጦርነት ያጣ ሰው በሽምግልናው ልጆቹን በጦርነት አጣ። ይሁን እንጂ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ከ2 ዓመት በኋላ በትውልድ ከተማቸው በጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። በየገጠሩ ጤና ጣቢያ የሚመሩ የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የንጽሕና ሠራተኞች በዚያ ሠለጠኑ። እርሳቸው ይህን አላዩም፤ ሐሳባቸው ግን ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን እጨርሳለሁ። ከመካከላችን ሐኪም ለመሆን የሚመኝ፣ ባሕር ተሻግሮ ለመማር የሚያስብም ብዙ ነው። መሄድ ነውር አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ ግን ሳይወዱ ተወስደው ወደው ተመለሱ፤ ቋንቋው ጠፍቶባቸው እንኳ ወገናቸውን አልረሱም። እኛ ቋንቋውንም መንገዱንም እያወቅን ብንቀር ምን ብለን እንመልሳለን?