ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዜና ፊልሞች፤ ከደሴ እስከ ጄኔቫ

የአውሮፓ ተራ ሕዝብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ያወቃቸው በሲኒማ አዳራሽ ነው። ቴሌቪዥን ወደየቤቱ ከመግባቱ በፊት የለንደን፣ የፓሪስ ወይም የሮም ነዋሪ ትኬት ቆርጦ ሲገባ፣ ዋናው ፊልም ሳይጀመር ለጥቂት ደቂቃዎች የዜና ፊልም ይቀርብለት ነበር። ፓቴ፣ ጎሞን፣ ሙቪቶንና የኢጣሊያው ሉቼ በየሳምንቱ ባዘጋጇቸው በእነዚያ ፊልሞች የፈረስ እሽቅድምድም፣ የንጉሣውያን ሠርግ፣ የሠራተኞች አድማና ጦርነት ተከታትለው ይታዩ ነበር። ካባ የለበሱት ቀጭኑና ዝምተኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥትም ደጋግመው ታይተውባቸዋል።

ተፈሪ መኰንን የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም በሐረር አቅራቢያ በምትገኘው ኤጀርሳ ጎሮ ነው። አባታቸው ራስ መኰንን የመስጊዶችና የዓሊሞች ከተማ የሆነችው የሐረር ገዥ ነበሩ። ተፈሪ ወደ ሥልጣን የተቃረቡት በመስከረም 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ኢያሱ ወደ እስልምና አዘንብለዋል ተብለው ተከሰሱ። በሙስሊም ልብስ የሚያሳዩዋቸው ፎቶግራፎችም ለክሱ ማስረጃ ሆነው ከእጅ ወደ እጅ እንደተዘዋወሩ ይነገራል፤ የምስሎቹ እውነተኛነት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ተፈሪ አልጋ ወራሽ የሆኑት እንዲህ ባለ ክስ ማግሥት ነበር።

በ1916 ዓ.ም አውሮፓን ሲጎበኙ ካሜራዎች ተከተሏቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ዘውድ ሲጭኑ ደግሞ የውጭ ፊልም አንሺዎች አዲስ አበባ ድረስ መጡ። ሲኒማ ቤት በመጀመሪያ የሰይጣን ቤት ተብሎ በተጠራባት ከተማ፣ የፊልምን ጉልበት ቀድመው ከተረዱት አንዱ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ ማለት ይቻላል።

የሙሶሊኒ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም መረብን ሲሻገር ሉቼ ለጦርነቱ ልዩ ክፍል አቋቁሞ ባለሙያዎቹን ከሠራዊቱ ጋር አሰማርቶ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል ግን የውጭ ጋዜጠኞችና ፊልም አንሺዎች ወደ ግንባር እንዲሄዱ ስላልተፈቀደላቸው ለብዙ ሳምንታት አዲስ አበባ ተቀመጡ። በፊልሞቹ ጎልቶ የሚታየው ባዶ እግሩን የሚሰለፍ ጦር የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ሰው አለቀ፤ ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየው ምስል ዓለምን ዞረ። ብዙ ወሎዬ ሙስሊሞች ያለቁበት የዚያ ጦርነት ዋና ግፍ ግን በፊልም አልተያዘም። ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ከአየር የተጣለው የመርዝ ጋዝ በወታደሩም፣ በገበሬውም፣ በከብቱም፣ በወንዙም ላይ ወርዷል። የሉቼ ፊልሞች መንገድ ሲጠረግ፣ ድልድይ ሲሠራና ሕዝብ ሲያጨበጭብ እንጂ ይህን አያሳዩም። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ።

ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ፍልስጥኤም፣ ቀጥሎም ወደ ለንደን። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው አፏጩ፤ ፖሊስ አስወጣቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ድምፁ ጋብ እስኪል ዝም ብለው ጠበቁና በአማርኛ ተናገሩ፤ አውሮፕላኖቹ የመርዙን ጋዝ እንዴት እንደ ዝናብ እንዳወረዱት ገለጹ፤ ነገ ሌላው መንግሥት ተራው እንደሚደርሰው አስጠነቀቁ። የአውሮፓ ተመልካች ይህንን በሲኒማ አየ፤ አዘነም። መንግሥታቱ ግን በሐምሌ ወር በኢጣሊያ ላይ የጣሉትን ማዕቀብ አነሡ። በዚያው ወር የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ካሜራዎቹ ወደዚያ ዞሩ።

ቀጥሎ የመጣው የስደት ኑሮ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዟ የባዝ ከተማ ፌርፊልድ በተባለ ቤት ከቤተሰባቸው ጋር አራት ዓመት ያህል ተቀመጡ። ብርዱ ከባድ ነበር፤ ገንዘብም አጠረ። ዜና መሆናቸው ቀርቶ የመንደሩ ሰው መንገድ ላይ የሚያያቸው ጎረቤት ሆኑ። ቤቱን በኋላ ለከተማዋ አረጋውያን አበርክተውታል።

በዚህ መካከል ሉቼ የሙስሊሙን ዓለም ልብ ለመማረክ ይሠራ ነበር። በመጋቢት 1929 ዓ.ም ሙሶሊኒ በትሪፖሊ በፈረስ ላይ ሆኖ የእስልምና ሰይፍ የተባለውን ሰይፍ ወደ ላይ ሲያነሣ ተቀረጸ። ዑመር አል ሙኽታርን የሰቀለው አገዛዝ በዚያችው ሊቢያ ራሱን የእስልምና ጠባቂ ብሎ አወጀ። በኢትዮጵያም ወራሪው መስጊዶችን አሠራ፤ ዐረብኛ እንዲስፋፋ ፈቀደ፤ ለዘመናት ወደ ዳር ተገፍቶ የኖረ ሙስሊም ይህን ማስተዋሉ አያስደንቅም። ነገር ግን መስጊዱን ያሠራውም ጋዙን የጣለውም አንድ እጅ ነበር፤ ብዙ ሙስሊሞችም ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ተዋግተዋል። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ካሜራ ያልደረሱበት ቦታ ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ለእንግሊዝ ተመልካች የተዘጋጀ ፊልም የሻርጃን የአሸዋ አውሮፕላን ማረፊያና ገበያዋን አሳይቷል። ማረፊያው ዛሬ አል ማሃታ ሙዚየም ነው።

ኢጣሊያ ከሂትለር ጋር ስትሰለፍ እንግሊዝ ለተረሳው ስደተኛ ድንገት ጉዳይ አገኘችለት፤ ካሜራውም አብሮ ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ አቆሙ። ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጠላት አዲስ አበባ በገባ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ወደ መናገሻቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላ የገዙት ሠላሳ ሦስት ዓመት ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም በከተማቸው ተመሠረተ። ሃይማኖት የግል፣ አገር ግን የጋራ መሆኑን ደጋግመው ይናገሩ ነበር፤ የቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉምም በ1961 ዓ.ም በእርሳቸው ድጋፍ ታትሟል። ሆኖም ዒድ በዘመናቸው ብሔራዊ በዓል አልሆነም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም ብዙ ሺህ ሙስሊሞች ከክርስቲያን ወገኖቻቸው ጋር ሆነው እኩልነት ጠይቀው በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ።

በዚያ ጊዜ ወሎ በረሃብ ነደደች። ባለሥልጣናቱ ደበቁት፤ ገበሬውና አርብቶ አደሩ በየመንገዱ ዳር ወደቀ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከወሎ የቀረጸው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የአውሮፓ ሕዝብ እንደገና አየ፤ አዘነ፤ በዚህኛው ጊዜ እርዳታም ላከ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ንጉሠ ነገሥቱን ጀግና አድርጎ ያሳየው የወሎ ምድር አሁን ክሳቸው ሆነ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ በሚያሳዩ ምስሎች ቆራርጦ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲመለከቱት ተነገራቸው። የቅንብሩ ዓላማ ማስነሣት እንደነበር ግልጽ ነው፤ በመንገድ ዳር የወደቁት ሰዎች ግን እውነተኛ ነበሩ። በማግሥቱ ጠዋት መኮንኖች መጥተው የመሻሪያ ደብዳቤውን አነበቡላቸውና በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥት ወሰዷቸው። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ፤ ደርግ በሕመም ነው አለ፤ ታፍነው መገደላቸው በኋላ በፍርድ ቤት ተመሰከረ። አስከሬናቸው በ1984 ዓ.ም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።