ደራሲው ሆል ኬንና «ማንክስማን» የተባለው ድምፅ የሌለው ፊልም

ሰው በሕይወቱ ሳለ ስሙ ቢገን፣ ከሞተ በኋላም እንደ ገነነ ይኖራል ማለት አይደለም። ለዚህም እንግሊዛዊው ደራሲ ሆል ኬን ምስክር ነው። በዘመኑ የእርሱን ያህል መጽሐፍ የተሸጠላቸው ደራስያን እጅግ ጥቂቶች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ስሙን የሚያውቅ ብዙ አይገኝም። ይሁን እንጂ ከድርሰቶቹ አንዱ በፊልም ተሠርቶ እስካሁን ይታያል። እኛም በዚህ የመታሰቢያ መጽሔታችን የሰውየውን ሕይወትና የፊልሙን ነገር ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሆል ኬን በ1853 ዓ.ም. ራንኮርን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ በመርከብ ሥራ የሚተዳደር ብረት ቀጥቃጭ ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ አይል ኦፍ ማን ነበር። ይህች በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ የምትገኝ፣ የራስዋ ሕግና ምክር ቤት ያላት ትንሽ ደሴት ናት። ልጁ ያደገው በሊቨርፑል ወደብ ቢሆንም፣ በየጊዜው ወደ ደሴቲቱ እየተላከ ከአያቱ ዘንድ ይቀመጥ ነበር። አያቱም ያገሩን ተረት እየነገረችው፣ በደሴቲቱ ቋንቋ ትንሹ ቶማስ ለማለት ሆሚ ቤግ ብላ ትጠራው ነበር።

ወላጆቹ ድኾች ስለ ነበሩ ልጁ ከፍተኛ ትምህርት ለማግኘት አልታደለም። ገና በልጅነቱ ትምህርት ቤት ትቶ ከአንድ የሕንፃ ፕላን ነዳፊ ዘንድ ሥራ ለመማር ገባ። ነገር ግን ንባብን አልተወም። የሊቨርፑል ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያለ ክፍያ ያስነብብ ስለ ነበር፣ ሆል ኬን በዚያ ራሱን በራሱ አስተማረ። እኛ በዚህ ነገር እጅግ እንደነቃለን፤ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ወጣት በንባብ ብቻ ከታወቁት ደራስያን ማኅበር ደርሷልና።

በኋላም ስለ ታዋቂው ባለቅኔና ሠዓሊ ስለ ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ ያደረገውን ንግግር ለባለቅኔው ላከለት። ከዚህ የተነሣ ወዳጆች ሆኑ፤ በ1881 ዓ.ም. ሮሴቲ ለንደን ካለው ቤቱ አስገባው። ሮሴቲ በዚያን ጊዜ ታማሚ ነበር፤ ወጣቱም በሚቀጥለው ዓመት እስኪሞት ድረስ አልተለየውም። ስለ አባቱ ደሴት እንዲጽፍ ካበረታቱት አንዱ ይኸው ሮሴቲ ነበር። ሆል ኬንም ምክሩን ተቀብሎ በ1887 ዓ.ም. «ዲምስተር» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ፤ ዲምስተር ማለት የደሴቲቱ ዳኛ ማለት ነው።

በ1894 ዓ.ም. «ማንክስማን» ታተመ፤ ትርጉሙም የአይል ኦፍ ማን ተወላጅ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ አገር ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ክፍል ታትሞ በ31 ሽልንግ ተኩል ይሸጥ ስለ ነበር፣ ተራው ሰው ከመከራየት በቀር ሊገዛው አይችልም። «ማንክስማን» ግን በአንድ ጥራዝ በ6 ሽልንግ ወጣ፤ በመቶ ሺህ የሚቈጠርም ተሸጠ። የሦስቱ ክፍል ልማድ ከዚያ ወዲህ ቶሎ ጠፋ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፒት የሚባል ድኻ ዓሣ አጥማጅና ፊልጶስ የሚባል የሕግ ሰው ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደ ወንድም ይዋደዱ ነበር። ፒት ኬት የተባለችውን የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ ለማግባት ቢጠይቅ፣ አባቷ በድኽነቱ ምክንያት ከለከለው። እርሱም ገንዘብ ሊያገኝ ወደ አፍሪካ ሲሄድ ልጅቱን ለወዳጁ አደራ ሰጠ። ከዚያም ሞተ የሚል ወሬ መጣ፤ ኬትና ፊልጶስም ተዋደዱ። ፒት ግን በሕይወቱ ተመልሶ አገባት። እውነቱን ለመናገር የደፈረ አልነበረም። በመጨረሻ ኬት ተስፋ ቈርጣ ከባሕር ራስዋን ጣለች፤ ከውሃ አውጥተው ለፍርድ አቀረቧት፤ ይህ በዚያ ዘመን በሕግ ያስቀጣ ነበርና። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው አዲሱ ዳኛ ደግሞ ፊልጶስ ነበር። በዚያን ጊዜ በሕዝብ ፊት ጥፋቱን ተናዞ ሹመቱን ተወ።

ይህ ታሪክ አስቀድሞ በ1916 ዓ.ም. በፊልም ተሠርቶ ነበር። ሁለተኛውን በ1929 ዓ.ም. ያወጣው፣ ኋላ በዓለም የታወቀው አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። ሥዕሉ የተነሣው በደሴቲቱ ሳይሆን በእንግሊዝ ምዕራብ ጫፍ ባለው በኮርንዋል የባሕር ዳርቻ ነው። ፊልሙ ድምፅ ስላልነበረው ነገሩ የሚታወቀው በተጫዋቾቹ ፊትና እጅ፣ በመካከሉም በሚወጣው ጽሕፈት ነበር። ኬት ከጥቁሩ ውሃ ስትወድቅ ውሃው ቀስ በቀስ ወደ ቀለም ይለወጣል፤ ያም ዳኛው ብዕሩን የሚነክርበት የቀለም ዕቃ ነው። አንድ ቃል ሳይነገር፣ የሴቲቱ መከራና የፈራጁ በደል አንድ መሆናቸውን ተመልካቹ ያስተውላል። ሂችኮክ ከዚህ በኋላ ሙሉ በሙሉ ድምፅ የሌለው ፊልም አልሠራም።

ሆል ኬን በ1901 ዓ.ም. ለደሴቲቱ ምክር ቤት ተመረጠ፤ በ1918 ዓ.ም. ደግሞ ሰር የሚባለውን ማዕርግ ተቀበለ። በ1931 ዓ.ም. በ78 ዓመቱ በደሴቲቱ ላይ ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ሞሆልድ በሚባል ቦታ ነው። ወዲያው መጽሐፎቹን የሚያነብ ጠፋ። ወዳጁ ብራም ስቶከር በ1897 ዓ.ም. ያሳተመው «ድራኩላ» ግን ዛሬም በየአገሩ ይነበባል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መታሰቢያነቱ ለሆሚ ቤግ ተብሎ ተጽፏል። አያቱ ያወጣችለት የቍልምጫ ስም ከሰርነቱ ይልቅ በብዙ ሰው ዓይን ሥር ያልፋል። «ማንክስማን» የተባለው ፊልምም በ2012 ዓ.ም. ታድሶ እንደገና ለሕዝብ ታየ።

እኛ ትምህርታችንን ጨርሰን ልንሰናበት የተቃረብን ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንወስዳለን። ከመካከላችን ዳኛ፣ አስተማሪ ወይም ሹም የሚሆን አይጠፋም። በሌላው ላይ ለመፍረድ በወንበር በምንቀመጥበት ቀን፣ በፊታችን የቆመው ሰው በደል የእኛም በደል እንዳይሆን አስቀድመን ራሳችንን እንመርምር። የሆል ኬን ስም ተረሳ፤ ወንበሩን ትቶ የወረደው ዳኛ ግን አልተረሳም።