ጆሴፍ ቼምበርሌን፤ ባለፋብሪካው ከንቲባ

የቼምበርሌን ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ልጁ ኔቪል የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበረበት በ1938 መንግሥቱ ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን መያዟን በሕግ አውቆላታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዛሬው ነገራችን ግን ስለ አባትየው ነው።

ጆሴፍ በ1836 ለንደን ተወለደ። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ አባቱ የጫማ ሥራ ውስጥ ስላስገባው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም፤ ይሁን እንጂ በ1900 የተቋቋመው የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ መሥራችና የመጀመሪያ ቻንስለር እርሱ ነው። በ18 ዓመቱ ወደ በርሚንግሃም ሄዶ በዘመዶቹ የእንጨት ብሎን ፋብሪካ ገባ። ፋብሪካውም ተወዳዳሪዎቹን አንድ በአንድ እየገዛ ዋጣቸው።

በ1873 የከተማው ከንቲባ ሆነ። በዚያን ጊዜ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣውን የመብራት ጋዝ የሚሸጡ ሁለት ኩባንያዎች ቧንቧ ለመቅበር እየተፎካከሩ መንገዱን ደጋግመው ይቆፍሩት ነበር። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሲሆን፥ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ከጉድጓድ ይቀዳ ነበር፤ ከጉድጓዱም ብዙው እዳሪ የገባበት ነው። ቼምበርሌን ማዘጋጃ ቤቱን ገንዘብ አስበድሮ ሁለቱን የጋዝ ኩባንያዎች ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ አስገዛ። በመጀመሪያው ዓመት 34,000 ፓውንድ ተረፈ። ቀጥሎ የውሃውን ኩባንያ በ1,350,000 ፓውንድ አስገዛ፤ ከውሃ ግን ትርፍ እንዳይፈለግ አደረገ፤ ውሃ የጤና ነገር ነውና።

ይህን የጋዝና የውሃ ሶሻሊዝም አሉት። እርሱም ስሙን አልሸሸም፤ በ1885 በዋሪንግተን ባደረገው ንግግር የድሆች መርጃ ሕጉም፥ የትምህርት ሕጉም፥ አብዛኛው የማዘጋጃ ቤት ሥራም ሶሻሊዝም መሆኑን በአደባባይ ተቀበለ። በእኔ አስተያየት ግን ይህ የሶሻሊስት ሳይሆን የብልህ ነጋዴ አሳብ ነው። ተወዳዳሪ አልባ ንግድ ምን እንደሚያተርፍ ከብሎኑ ተምሯል፤ በአንድ መንገድ ሥር ሁለት ቧንቧ መቅበር ከንቱ ወጪ ከሆነ፥ ያ ብቸኛ ንግድ በባለአክሲዮን እጅ ከሚሆን በመረጠው ሕዝብ እጅ ቢሆን ይሻላል ማለቱ ነው። ፋብሪካውንማ ለሕዝብ አልሰጠም።

ይበልጥ የሚያሳየው የኮርፖሬሽን ጎዳና ሥራ ነው። በ1875 በወጣው የሠራተኞች መኖሪያ ሕግ መሠረት በከተማው መካከል የነበረው ጎስቋላ ሰፈር ፈርሶ ሰፊ ጎዳና ወጣ። መሬቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነበር፤ በላዩ የቆሙት ግን ሱቆች ናቸው። ለተነሡት ድሆች የተሠራላቸው ቤት እጅግ ጥቂት ነው። ንብረቱ የጋራ ሆነ፤ ጥቅሙ ግን ለማን ሆነ? አንዳንዶቻችን መንግሥት የያዘውን ሁሉ ሶሻሊዝም ስንለው ይህን ጥያቄ እንዘለዋለን። ስለ ውሃው ግን ይመስገን፤ ንጹሕ ውሃ የድሀውንም ልጅ ከሞት ያድናልና።

በ1886 በአየርላንድ ነገር ከሊበራሎች ተለየ፤ በ1895 በወግ አጥባቂው ሎርድ ሳልስበሪ ካቢኔ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ሆነ፤ የቦር ጦርነትም በእርሱ ዘመን ተደረገ። በ1906 ሽባ አድርጎት፥ ሐምሌ 1914 ሞተ።

ያስገዛው ጋዝ በ1949 የመንግሥት ሆነ፤ በ1986 በአክሲዮን ተሸጠ። ውሃውም በ1989 እንዲሁ ተሸጠ።