ጠይቆና አንብቦ መመለስ፦ የአፄ ገላውዴዎስ ሕይወት



መቼስ እንደምታውቁት በገሱባ እድራችን ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ወንጌላዊውም፣ ካቶሊኩም በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣል። ጥሩምባ ሲነፋ ሟቹ የማን ቤተ ክርስቲያን ነበር ብሎ የሚቀር የለም። መዋጮው አንድ፣ ንፍሮው አንድ ነው። ይሁን እንጂ ከቀብር ተመልሰን ስንቀመጥ አንዳንዴ የምንሰማው ወሬ ያሳዝናል። አንዱ ወገን እነዚያ ሥዕል ያመልካሉ ይላል፤ ሌላው ደግሞ እነዚህ እመቤታችንን ይጠላሉ ይላል። ጎረቤቱን ጠይቆ የተረዳ ግን እምብዛም አይገኝም።

እኛም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። ስለ አንድ ጎረቤታችን እምነት ለዓመታት ስናወራ የኖርነውን ነገር ሰውየው ራሱ አንድ ቀን ድንኳን ውስጥ ሰምቶ፣ ይህን ከማን ሰማችሁት ብሎ ቢጠይቀን መልስ አጣን። ከሱ አልሰማነውማ! ከዚያ ወዲህ ነው የአፄ ገላውዴዎስን ታሪክ መላልሰን ማሰብ የጀመርነው።

አፄ ገላውዴዎስ የአፄ ልብነ ድንግልና የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ናቸው። አባታቸው በስደት እንዳሉ ሲያርፉ፣ በ1533 ዓ.ም. መጀመሪያ ዙፋኑን ወረሱ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ነበር። የወረሱት ዙፋን ይባል እንጂ አገሩ አብዛኛው በኢማም አሕመድ እጅ ነበር፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ወንድማቸው ሚናስም ተማርከዋል። በዚያው ዓመት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች በምጽዋ በኩል ለእርዳታ ገቡ። አዛዣቸው ክርስቶፎር ደ ጋማ ተማርኮ ተገደለ፤ ከሰዎቹም ብዙዎቹ አለቁ። የተረፉት ከንጉሡ ጋር ሆነው በየካቲት 1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ። ኢማም አሕመድ በዚያ ሞተ፤ መንግሥቱም ዳነ።

እንግዲህ ፈተናው የመጣው ከድሉ በኋላ ነው። ደሙን ያፈሰሰ ባለውለታ ቢጠይቅ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። ፖርቱጋሎቹ፣ በተለይም ጳጳስ ነኝ ይል የነበረው ቤርሙዴዝ፣ ንጉሡ ለሮም እንዲገዙ ጠየቁ። አፄ ገላውዴዎስ ለወታደሮቹ መሬት ሰጡ፣ በሃይማኖታቸውም እንዲኖሩ ፈቀዱ። ለራሳቸው ግን እንደ አባቶቻቸው ልማድ ከእስክንድርያ ጳጳስ አስመጡ። ውለታን መክፈልና እምነትን መለወጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያለ ስድብ አሳዩ።

በ1547 ዓ.ም. ጎንሳሎ ሮድሪገስ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ መጣ። የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ስሕተቶች ነው ያላቸውን ዘርዝሮ መጽሐፍ ጻፈና ለንጉሡ አቀረበ። ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው እንደጻፉት፣ ጳጳሱ መጽሐፉ እንዳይነበብ ቢያወግዙም ንጉሡ አነበቡት። እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። ንጉሡ ናቸው፤ መጽሐፉን በእሳት ቢያስጥሉት ማን ይጠይቃቸው ነበር? እሳቸው ግን የባላጋራቸውን ነገር ከራሱ ከባላጋራቸው ጽሑፍ አወቁ።

መልሳቸው በሰኔ 1547 ዓ.ም. በዳሞት ምድር ሳሉ ተጻፈ። (የኛን ዳሞታ ተራራ ስም ያስታውሰናል፤ ያው ቦታ ነው ግን አንልም።) ይህ አጭር ጽሑፍ የሃይማኖት መግለጫ ተብሎ ይታወቃል። በመጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበትን ያስቀድማል፤ ይኸውም ምሥጢረ ሥላሴን፣ የክርስቶስን ሰው መሆን፣ የኒቅያን፣ የቁስጥንጥንያንና የኤፌሶንን ጉባኤዎች ነው። ከዚያ ሦስቱን ክሶች አንድ በአንድ ያነሣል። ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ ሥራ ፈትተን፣ እሳት ሳናነድ ሳይሆን ቅዳሴ ቀድሰን፣ ማዕድ አብልተን ነው ይላል። ግዝረት የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣው፣ በሕንድም ጆሮ እንደሚበሳው ነው ይላል። የእሪያ ሥጋ አለመብላትም የሕግ ግዴታ አይደለም፤ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም አናስገድድም ብሎ ወደ ሐዋርያው ጳውሎስ ትምህርት ያመለክታል።

ሮምን የሚሰድብ ቃል በጽሑፉ ውስጥ አይገኝም። ያልተባለውን ተባለ አይልም፣ የተከሰሰበትንም ልማድ የለም ብሎ አይክድም። አዎን እናደርገዋለን፣ ምክንያቱ ግን እናንተ እንደምትሉት አይደለም ነው ነገሩ።

ይሁን እንጂ ታሪክን ስንጽፍ እውነቱን እንጻፍ። ንጉሡ ራሳቸውን ከአይሁድ ሲለዩ፣ ስለ አይሁድ የተናገሩት በዘመኑ በነበረው የመረረ አነጋገር ነው። ለራሳቸው የጠየቁትን ሚዛን ለነዚያ አልሰጡም። ደግ ሰውም ቢሆን የማያየው ጎን አለው፤ እኛም የማናየው ይኖረናልና ይህን መደበቅ አይጠቅመንም።

በ1549 ዓ.ም. ጳጳሱ አንድሬ ደ ኦቪዬዶ ከጥቂት ሰዎች ጋር መጡ። ንጉሡ በክብር ተቀበሏቸው፤ ራሳቸውም ተቀምጠው ተከራከሯቸው። አላመኗቸውም፣ አላሰሯቸውምም። ኦቪዬዶ ግን በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው በ1551 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያኑን መናፍቃን ናቸው ብለው፣ ተከታዮቻቸው እንዳይተባበሯቸው የሚያዝ ጽሑፍ አወጡ። ብዙም ሳይቆይ መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም.፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ አፄ ገላውዴዎስ ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ወራሻቸው ወንድማቸው አፄ ሚናስ በካቶሊኮቹ ላይ ጠንከር አሉባቸው፤ የትዕግሥቱ ዘመን አጭር ሆነ።

ጽሑፉ ግን አልሞተም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1661 ከሂዮብ ሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጋር ለንደን ላይ ታተመ። ሉዶልፍ ጀርመናዊና የሉተር ተከታይ ነበር። በ1652 ጎታ በምትባል ከተማ የአገራችንን ነገር ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ ደግሞ የሮምን ወገን የያዙ የአማራ አገር መነኩሴ ነበሩ። ሦስት ዓይነት ክርስቲያን እንዲህ ተገናኘ ማለት ነው! ሉዶልፍም ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፍ የባላጋራዎቿን ክስ ብቻ አልቀዳም፤ የራሷንም ቃል አሰማ።

ታዲያ እኛ የአንድ እድር ሰዎች ከዚህ ምን እንውሰድ? ሃይማኖታችንን እናቀላቅል አላልንም፤ አፄ ገላውዴዎስም አላቀላቀሉም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ ስለ ጎረቤታችን እምነት ከመናገራችን በፊት ጎረቤታችንን እንጠይቅ። ስንናገርም፣ እሱ በአጠገባችን ቢቀመጥ፣ አዎን፣ የኔ እምነት ይኸው ነው ብሎ ራሱን በሚነቀንቅበት መንገድ እንናገር። አልስማማም ማለቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የነገ ሬሳችንን የሚሸከመው ይኸው ጎረቤት ነውና በሕይወት ሳለን ስሙን በሐሰት አንሸከምበት እንላለን። ለከርሞ በጤና ያድርሰን።