ሶሊ ዙከርማንና የለንደን ዝንጀሮዎች

ማሳ ከዝንጀሮ እየጠበቃችሁ ላደጋችሁ፣ የዛሬው ታሪክ ሩቅ አይሆንባችሁም።

ሶሊ ዙከርማን እ.ኤ.አ. በ1904 በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1926 ወደ ለንደን ሄደው በከተማዋ መካነ እንስሳት ያሉትን ዝንጀሮዎች አጠኑ። ዝንጀሮዎቹ በኢትዮጵያ ቆላ የሚገኘው ባለ ግራጫ ጋማ ዝርያ ነበሩ። በጠባብ ግቢ መቶ ገደማ ወንዶች ከጥቂት ሴቶች ጋር ታጉረዋል። በ1927 ሠላሳ ሴቶች ሲጨመሩ ወንዶቹ ተራኮቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶች በሽሚያው ሞቱ። ዙከርማንም በ1932 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የዝንጀሮን ማኅበር የሚያስተሳስረው የፆታ ፍላጎትና የወንድ የበላይነት ነው ብለው ደመደሙ።

ከ1960 ጀምሮ ግን ሃንስ ኩመር የተባሉ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ያንኑ ዝርያ ድሬዳዋ አካባቢ፣ ኤረር፣ በዱር ተከታተሉ። በዚያ ወንዱ ሴቶቹን አጥብቆ ቢቆጣጠርም፣ የሌላውን ወንድ ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። በስሜን ተራሮች ጭላዳዎች ዘንድ ደግሞ የቤተሰቡ ምሰሶ እናቶች፣ ሴት ልጆችና እህትማማቾች ናቸው፤ ወንዱም ለመጽናት ድጋፋቸውን ይሻል።

ዙከርማን የብሪታንያ መንግሥት ዋና የሳይንስ አማካሪ፣ በኋላም ሎርድ ሆነው በ1993 አረፉ። ትልቅ ሰው ነበሩ። የወንድና የሴትን ተፈጥሮ ግን ከታጎረ እንስሳ መማር አይቻልም፤ መልሱ የነበረው እኛ ባደግንበት አገር ገደል ላይ ነበር።