የልብስ ሰፊው ልጅ ዦዜፍ ፉሪዬ

ከአንኮበር ተራራ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ በስልኩ ከፍቶ፣ ግማሹ ታይቶ ግማሹ አልወጣ ብሎት ብዙ ያልጠበቀ ከመካከላችን ማን አለ? ለኢንተርኔት ወላጆቻችን የከፈሉትም ገንዘብ በዚያው ያልቃል። የዚህ ችግር መፍትሔ ከወዴት እንደ መጣ ስንመረምር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሳያይ የሞተ አንድ ፈረንሳዊ እናገኛለን። ስለዚህ የሕይወት ታሪኩን ለመጽሔታችን አንባቢዎች በአጭሩ አቀርባለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዦዜፍ ፉሪዬ በ1768 ዓ.ም. ኦሴር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ እናቱና አባቱ ተከታትለው ስለ ሞቱበት፣ መነኮሳት በሚያስተምሩበት የውትድርና ትምህርት ቤት ገብቶ አደገ፤ የሒሳብ ፍቅር ያደረበትም በዚያ ነው። የመድፍ ክፍል መኮንን ለመሆን ቢመኝም የመኳንንት ዘር ስላልነበረ ተከለከለ። ከዚያም ገዳም ገባ፤ ነገር ግን ምንኵስናውን ሳይፈጽም በ1789 ወጣና መምህር ሆነ። በአብዮቱ ጊዜ፣ በ1794፣ ታስሮ ከሞት ለጥቂት ተረፈ።

በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብፅ ዘመተና በካይሮ የሊቃውንቱ ማኅበር ጸሐፊ ሆነ። ከተመለሰ በኋላ በ1802 ግሬኖብል ላይ የኢዜር አውራጃ ገዥ ሆኖ ተሾመ። በሹመቱ ረግረጉን እያደረቀና መንገድ እያሠራ፣ በትርፍ ጊዜው ሙቀት በጠጣር አካል ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ ይመረምር ነበር። እርሱ ራሱ ሙቀት እጅግ ይወድ እንደ ነበር ይነገራል፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ቢያይ ኖሮ ብርድ ልብሱን ባልጣለም ነበር።

በ1807 ምርምሩን ለፓሪስ ሊቃውንት አቀረበ። ሐሳቡም፣ ውስብስብ የሆነ ቅርጽ ሁሉ ቀላል ማዕበሎች ተደምረው የሚሠሩት ነው የሚል ነበር። የበገና አውታሮች በአንድነት ሲደረደሩ የሚሰማው አንድ ዜማ ነው፤ የሠለጠነ ጆሮ ግን የእያንዳንዱን አውታር ድምፅ ይለያል። ፉሪዬም ይህን በሒሳብ አደረገው። ይሁን እንጂ ታላቁ ሊቅ ላግራንዥ አልተቀበለውም። በ1812 ሽልማት ቢሰጠውም ነቀፋ ታከለበት። ፉሪዬ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ሆነው ሸዋን በሚገዙበት ዘመን፣ በ1822 መጽሐፉን አሳተመ። በ1830 በፓሪስ ሞተ።

ከሞተ ከ144 ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ የሕንድ ተወላጁ ናሲር አሕመድ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ከዚህ ሐሳብ የተወለደ አዲስ ስሌት አወጣ። በ1992 የጸደቀው ጄፔግ የተባለው የፎቶግራፍ ማስቀመጫ ዘዴ የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው። ሥዕሉ 64 ነጠብጣብ በያዙ ትንንሽ ካሬዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ካሬ ወደ ማዕበሎች ይተነተናል፤ ዐይናችን ብዙም የማይለያቸው ረቂቆቹ ማዕበሎች ይቀነሳሉ ወይም ይጣላሉ።

እስቲ በቍጥር እንየው። 4000 በ3000 ነጠብጣብ ያለው ፎቶግራፍ፣ ለእያንዳንዱ ነጠብጣብ 3 ባይት ሲታሰብ፣ ሳይጨመቅ 36 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ቢት በሚያሳልፍ መስመር 288 ሴኮንድ፣ ማለት አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ወደ 1000 በ750 አሳንሰን በጄፔግ ዐሥር እጥፍ ብንጨምቀው ግን ከ2 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ከመጠን በላይ ከተጨመቀ ካሬዎቹ ይታያሉ፤ የደብተር ፎቶግራፍም ከሆነ ፊደሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ዋናውን ቅጂ ማስቀመጥ ይገባል።

ውድ አንባቢያን፣ አንድ ገጽ ቶሎ ባለመከፈቱ ትምህርቱ የሚያመልጠው ገንዘብ የሌለው ተማሪ ነው። በዘሩ ምክንያት በር የተዘጋበት የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ሳያውቀው ለእንደዚህ ያለው ተማሪ በር ከፈተ። እኛም ፎቶግራፍ ከመላካችን በፊት ብናሳንሰው ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን አሰብን ማለት ነው። ደግሞም ዛሬ የማይጠቅም የሚመስለን የሒሳብ ትምህርት ነገ ለማን እንደሚደርስ አናውቅምና፣ በርትተን እንማር።